እትየ ዘሀራን ያልዋሸሻቸው ዕለት

ለባለቤቴ ለአያልነሽ፤

እንደምን ሰነበትሽ ብዬ እንዳልጀምር መልሱን ከየት አገኘዋለሁ? ከተለየሽኝ ሦስት ዓመት ከአራት ወር ሆነኝ። እኛ ደህና ነን። ልጃችን ደሴ ለትምህርት ገብታለች፤ እንዳንቺው ፊዚክስ ነው የምታጠናው። የጓዳውን ቆርቆሮ ለውጬዋለሁ፤ ክረምት በመጣ ቁጥር ባልዲ መደርደር ቀርቷል። ደብተሮችሽን ግን ካስቀመጥሽበት አላነሳኋቸውም።

ይህን የምጽፍልሽ ባለፈው ቅዳሜና እሑድ በትምህርት ቤት ያቋቋምሽው የሬዲዮ ክበብ ተማሪዎች ሬዲዮውን እንደገና ሜዳ ስላወጡት ነው። የአንቴናውን ሽቦ የሚይዙትን የባሕር ዛፍ ምሰሶዎች የተከልኩላቸው እኔ ነኝ። "አናጢው ባሌ ከሬዲዮ የሚያውቀው ምሰሶውን ነው" እያልሽ ትስቂብኝ ነበር፤ ዛሬም ከዚያ አላለፍኩም።

እዚያ ቆሜ የመጀመሪያው ዓመት ትዝ አለኝ። ለሬዲዮው ፈቃድ ስንት ቢሮ ተመላለስሽ! "ከማን ጋር ልታወሩ ነው?" እያለ የሚጠረጥረውን ሁሉ ሳትሰለቺ ታስረጂው ነበር፦ ከማናውቀው ሰው ጋር በአየር ሞገድ ሰላም መባባል ነው፣ መሣሪያ መሞከር ነው፣ ሌላ ነገር የለውም። በመጨረሻም ማንም መጥቶ እንዲያይ ብለሽ ጠረጴዛውን መካነ ሰላም ኳስ ሜዳ መሃል አስወጣሽው። ሽቦውን በሁለቱ ምሰሶዎች መካከል ወጠርነው፤ ሬዲዮውን ከመኪና ባትሪ ጋር አገናኘሽው። ከናይሮቢ አንድ ሰው ሲመልስልሽ ሜዳው በእልልታ ቀለጠ። አንቺ ግን አንገትሽን ወደ ድምፁ ዘንበል አድርገሽ የሰማሽውን ትጽፊ ነበር። እኔም ሚስቴ መሆንሽን ረስቼ፣ እንደ ማንኛውም ተመልካች አፌን ከፍቼ አይሽ ነበር።

በማግስቱ እሑድ ረፋዱ ላይ ደግሞ አንድ ሰው ከኩዌት መለሰልሽ። ይህን ሲሰሙ እትየ ዘሀራ ሰዉን እየገፉ መጡ። ከከላላ በኩል በበቅሎ የመጡ እናት ናቸው። ልጃቸው ዘይነብ ሰው ቤት ልትሠራ ኩዌት ሄዳ ድምፅዋ ከጠፋ መንፈቅ አልፎ ነበር። ሞባይል ገና እኛ ዘንድ አልደረሰም ነበር።

"አንቺ ልጅ፣ አላህ ይስጥሽ፣ ዘይነብን ጥሪልኝ" አሉሽ።

"እትየ፣ ይህ ሬዲዮ የሚያገኘው እንደኛ ሬዲዮ ያለውን ሰው ብቻ ነው። የሰው መልእክት ማድረስም አልተፈቀደልንም" አልሻቸው።

"እንግዲያው ደህና መሆኗን ብቻ ጠይቂልኝ" ብለው የጠረጴዛውን ጠርዝ ያዙ።

እኔ ወደ ጆሮሽ ጎንበስ ብዬ፣ "ደህና ናት ብሏል በያቸው፤ ምን ይጎዳል?" አልኩሽ። ከኋላችን የቆመውም ሰው "በያቸው እንጂ!" እያለ አጉረመረመ። አየሽኝ። ከዚያ ተነሥተሽ ወንበርሽን ለእሳቸው ለቀቅሽላቸው።

"እትየ፣ ይህ ሰው ዘይነብን አያውቃትም። ደህና መሆኗን እኔም አላውቅም። የማላውቀውን አልነግርዎትም። ሰላምታ ግን ማቅረብ ይችላሉ" አልሽና ማይኩን ወደ አፋቸው አስጠጋሽላቸው።

"አሰላሙ አለይኩም" አሉ።

"ወአለይኩሙ ሰላም ወራህመቱላህ" አለ ሰውየው ከዚያ ማዶ። እትየ ዘሀራ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ አድርገው አለቀሱ።

ወደ ቤት ስንመለስ ቀድሜሽ ሄድኩ። ለአንዲት እናት አንዲት ቃል ነፈግሽ ብዬ ልቤ ሻከረብሽ። አንቺ ግን ሰኞ ከትምህርት ቤት ፈቃድ ጠይቀሽ እሳቸውን ይዘሽ በአውቶቡስ ደሴ ወረድሽ። ሦስት ቀን ሙሉ ከቢሮ ቢሮ እየዞርሽ ልጃቸው እንድትፈለግ ማመልከቻ አስገባሽላቸው። ሁለት ወር ቆይቶ ወሬዋ ተገኘ፦ ዘይነብ ታማ ሆስፒታል ተኝታ ኖሯል፤ አስታዋሽ ዘመድ አጥታ ነው ድምፅዋ የጠፋው። ዜናውን ከነገርሽኝ በኋላም፣ ሜዳው ላይ ያልኩሽን አንድም ቀን አላነሳሽብኝም። እኔም "ተሳስቼ ነበር" ማለቱ ከበደኝ። ነገ እላታለሁ ስል አንቺው በሞት ቀደምሽኝ።

ባለፈው ቅዳሜ ዘይነብ ሜዳው ድረስ መጣች። አገሯ ገብታለች፤ አግብታ ልጅ አዝላለች። አንቺን ፍለጋ ነበር የመጣችው፤ ማረፍሽን አልሰማችም ነበር። ስነግራት ብዙ አለቀሰች። ከዚያም፣ "ያን ቀን ለእማዬ ደህና ናት ቢሏቸው ኖሮ አርፈው ይቀመጡ ነበር። ማን ይፈልገኝ ነበር?" አለችኝ። ያ ቃል ከእኔ አፍ የወጣ መሆኑን አታውቅም።

አያልነሽ፣ በሕይወት ሳለሽ ያልነገርኩሽን ዛሬ ልንገርሽ፦ አንቺ ልክ ነበርሽ፤ እኔ ነኝ የተሳሳትኩት። እንደ ደግ ሰው የቆጠርኩት ራሴን ነበር፤ ደጓ ግን አንቺ ነበርሽ።

እስካለሁ አልረሳሽም። ማን እንደነበርሽ የሚጠይቀኝ ሁሉ ያችን እሑድ ይሰማል። ባሏ ዋሺ ብሏት እምቢ ያለች ሴት ነበረች እላለሁ። ባልየውስ ማን ነው ሲሉኝ፣ እኔ ነኝ እላቸዋለሁ።