የሁለተኛው ጎርፍ ተራ

ለውድ እኅቴ ለእትዬ ማሚቴ፤ እንደምን ከርመሻል? ወገብሽ ተሻለሽ ወይ? የላስታ ብርድ እንዴት ይዟችኋል? እኔ ከነቤተሰቤ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ፤ ልቤ ግን አላርፍ ብሎኛል። የፊደሉ መጣመም እንዳያስደነግጥሽ። ደብዳቤዬን ሁልጊዜ የሚጽፍልኝ ልጅሽ ካሳው ነበር፤ ዛሬ እንደምንም ብዕሩን ራሴ ይዣለሁ። ምክንያቱን ልንገርሽ።

እዚህ ቆላ ማሽላችን የሚጠጣው ከተራራ የሚወርደውን ጎርፍ ነው። የመጀመሪያው ጎርፍ የላይ መንደር፣ ሁለተኛው የእኛ የታች መንደር ነው። ዘንድሮ ላይኞቹ ጎርፉን የጠለፉበትን ክትር አናፈርስም ብለው ሁለተኛውንም አስቀሩብን። መንደራችን ዱላውን እያነሳ ወጣ። እንደምታውቂው ላይኞቹ የሚበዙት ከእኛው አገር የወረዱ ናቸው፤ ካሳውም የሚያርሰው ከእነሱ ጋር ነው። እኔ ትርንጎን አግብቼ ታች መንደር ስምንት ዓመት ሳርስ እስካሁን ስሜ «ላስቴው» ነው። በሬ ከጠፋ ዓይን ሁሉ መጀመሪያ ወደኔ ነው። የዚያን ቀን ግን አማቼ አያ ይርጋ በሰው ሁሉ ፊት ትከሻዬን ይዘው «ታረቀኝ የኛ ልጅ ነው፤ ከፊት ይሁን» አሉ። እትዬ፣ ደስ አለኝ። ዛሬ ሳስበው ያ ደስታ ያሳፍረኛል።

ክትሩ ላይ ተደባለቅን። ዱላዬ የአንዱን ቀኝ ክንድ ሰበረ። ካሳው ነበር።

አሁን እኔ ቤት ተኝቷል። የዋጃው ወጌሻ አብዱሰመድ ማሰሪያ እንጨት ሲጠይቀኝ ያንኑ ሽመሌን ሰንጥቄ ሰጠሁት፤ በአርባ ቀን ይፈታል ብሏል። ሽማግሌዎች ማን መታህ ቢሉት ካሳው ከክትር ላይ ወድቄ ነው አለ። ጎረቤቶቼ የላይ ሰው ቤትህ ምን ይሠራል ይሉኛል። ላይኞቹም ሊጠይቁት ይመጡና ደጄ ቆመው ይመለሳሉ።

ትናንት ካሳው «አጎቴ፣ በግርግሩ አላወቅኸኝም አይደል?» አለኝ። አላወቅሁህም አልሁት። ላንቺ ግን አልዋሽም፤ አውቄው ነበር። አያ ይርጋ ከኋላዬ ያዩኝ ነበር፤ እጄን ብመልስ ዳግመኛ ላስቴው እሆናለሁ ብዬ ፈራሁ።

ተራራው ላይ ደመና እንደገና ተቋጥሯል። አያ ይርጋም ሌላ ዱላ ቁረጥ ብለው ልከውብኛል። እስካሁን አልመለስሁላቸውም።

ባለቤትሽን ሞላን እጅ ነሥቻለሁ። ደብሪቱን ዓይኗን ሳሚልኝ። ትርንጎ ሰላም ብላሻለች። ካሳው ጉልበትሽን ስሟል፤ የጻፍኸውን ላንብብልህ ቢለኝ ወረቀቱን አጥፌ ብብቴ ከተትሁት።

ወንድምሽ ታረቀኝ
ቆቦ፣ ነሐሴ ፱ ቀን ፲፱፻፶፫ ዓ.ም.