መልስ ካልመጣ

ጥቅምት 6
እንደ ሁሌው ዋልኩ። ለሆስፒታሉ ኮምፒውተሮች ሰርተፍኬት ሳድስ፣ የጠፋ ወይም የተሰረቀ ማሽን ሰርተፍኬት ስሰርዝ... የማሽን መታወቂያ አዳይ ሆኜ ቀረሁ። አለቃዬ፣ "ፕሮግራሙ እንደሆነ በነፃ ያወረድነው ነው፤ ምኑ ነው የሚያደክምሽ?" ይለኛል። ነፃው ፕሮግራሙ ነው፤ እኔ አይደለሁም።

ታላቅ ወንድሜ ደወለ። አባባን ከኔ ቤት እሱ ያለበት ከተማ ወዳለ የአረጋውያን መጦሪያ ሊወስዳቸው ነው። "ነገርኳቸው፤ ዝም አሉ። ዝም ካሉ እሺ ማለት ነው።" እኔም ዝም አልኩ። ሌሊት አብሬያቸው መነሳቱ ሰልችቶኛል...

ጥቅምት 9
ሻንጣው አልጋቸው ሥር ባዶውን ተቀምጧል። አንድ ሸሚዝ እንኳ አላስገቡም። "ሾርባው ቀዘቀዘ እንዴ?" "ደህና ነው።" ይኸው ነው ወሬያችን።

ጥቅምት 11
ጉድ ፈላ። የፋርማሲስቷ ታብሌት የተሰረቀ ዕለት ሰርተፍኬቱን ሰርዤ ነበር። ዛሬ ያው ታብሌት የበሽተኞች መዝገብ ውስጥ ገብቶ ተገኘ። ሰርዣለሁ እኮ... እንዴት?

ከሰዓት ደረስኩበት። የተሰረዘውን ካልተሰረዘው የሚለየው ፕሮግራም ቆሞ ሰንብቷል። መዝገቡን የያዙት ማሽኖች ይጠይቁታል፤ አይመልስም። መልስ ካልመጣ ያስገባሉ። ሥራ እንዳይጓተት ተብሎ እንዲያ ነው የተስተካከለው። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይላሉ። እኛ ዘንድ ሌባ ይገባል።

ቀየርኩት። መልስ ካልመጣ፣ አይገባም። አለቃዬ "ሰው ያማርራል" አለ። ያማርር።

አውቶብስ ውስጥ የወንድሜ ነገር ትዝ አለኝ። ዝም ካሉ እሺ ማለት ነው... ማን አለ? ለኔም ስለተመቸኝ ነው የዋጥኩት። ቢሄዱልኝ ደስ ይለኝ ነበር። አፈርኩ።

ጥቅምት 12
ቴሌቪዥኑን አጥፍቼ ፊት ለፊታቸው ተቀመጥኩ። "አባባ፣ መሄድ ይፈልጋሉ?"

ሳህን ላነሳ ብድግ ብዬ መልሼ ተቀመጥኩ። ሻዬ ቀዘቀዘ።

"አንቺ ደክሞሻል" አሉ በመጨረሻ።

"አዎ፣ ደክሞኛል። የጠየቅኩዎት ግን እሱን አይደለም።"

"አልፈልግም።" ቆየት ብለው ደግሞ፣ "ወንድምሽማ ነገረኝ እንጂ መቼ ጠየቀኝ።"

ጥቅምት 14
ለወንድሜ ደወልኩ። "አይሄዱም። ቅዳሜ ቅዳሜ አንተ መጥተህ ታድራለህ።" ዝም አለ።

"ዝምታህን እሺ ብዬ አልወስደውም። እየጠበቅኩህ ነው።"

ልጆቹ ሲንጫጩ ይሰማኛል። ስልኩን አልዘጋሁም። "እሺ" አለ፣ እያቅማማ።

ሥራ ቦታ ሁለት ነርሶች መዝገቡ አላስገባ ብሏቸው ሲያማርሩብኝ ዋሉ። ዛሬም ደክሞኛል። ስገባ አባባ ቆመው ጠበቁኝ። ባዶውን ሻንጣ ቁም ሳጥኑ ላይ እንዳወጣላቸው ጠየቁኝ... በገዛ አፋቸው፣ ሳልጠይቃቸው።