ሳይባረክ የተከፈተው ጋን

አማኑኤል፣ የካቲት 21 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለደምለው፣

ጥፋተኛዋ ሚስትህ ሥራነሽ ናት። ሰላምታው ይቆየኝና ይህን ላስቀድም፤ ካልወጣልኝ ሌላ ነገር አያስወራኝም።

አሁን ሰላም ልበልህ። የዱባይ ሙቀት እንዴት ይዞሃል? ሆቴሉ ውስጥ ቆመህ ስታስተናግድ ስለምትውል እግርህ ያብጣል ብለኸኝ ነበር፤ ማታ ማታ በጨው ውሃ ዘፍዝፈው። እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። ላሚቱ ወልዳለች፤ ጥጃዋ እንደ እናቷ ግትር ናት። ጾሙም ገብቷል።

በስልክ ያልነገርሁህ ስትስቅብኝ ስለማልወድ ነው። ደግሞም ከማርቆስ እየመጣች፣ ደውላ የምታገናኘን ሥራነሽ ናት፤ ስናገር ከአጠገቤ አትጠፋም። ፊደል የቆጠርሁት በስተርጅናዬ፣ ቀበሌው ጎልማሶችን ሲያስተምር ስለሆነ ጽሕፈቴ ቢንጋደድ ታገሠኝ። ደብዳቤውን የምታደርስልህ የጎረቤታችን የዘመናይ ልጅ መሲ ናት፤ በዚህ ሰሞን ለሥራ ወደዚያው ትመጣለች።

የኪዳነ ምሕረት ማኅበር ጽዋ ባለፈው ወር እኔ ዘንድ ደረሰ። ጽዋ የተቀበለች ሴት እንዴት እንደምትጠምቅ አንተ አሳምረህ ታውቃለህ፤ ጌሾ ስወቅጥ ከሥሬ ሳትጠፋ ነው ያደግኸው። ብቅሉን ራሴ አበቀልሁ፣ ጋኑን በወይራ አጠንሁ፣ እንኩሮውን ጢስ ዓይኔን እስኪያጠፋው ድረስ አንኩሬ ጠመቅሁ። ከዚያ ከድኜ አፉን በጭቃ መረግሁት። የጽዋ ጋን አንዴ ከተመረገ ቄስ ቆሞ ሳይባርከው አይከፈትም። የጠመቀችው ራሷ እንኳ አትቀምሰውም። ይጣፍጥ ይምረር የምታውቀው ከጸሎቱ በኋላ፣ ከማኅበርተኛው እኩል ነው።

ዘንድሮ የየካቲት ኪዳነ ምሕረት የዋለችው በቅበላ እሑድ ነው። በዋዜማው ሥራነሽ ማርቆስ ካለው ጠላ ቤታችሁ መጣች። «እርስዎ ቤተ ክርስቲያን ይሂዱ እማማ፣ ዳቦውን እኔ አወጣዋለሁ» አለችኝ። ደስ አለኝ፣ ምን ልዋሽህ። ምራት እንዲህ ናት እንጂ እያልሁ መንገድ ለመንገድ መረቅኋት። ስመለስ ዳቦው ወጥቷል፣ እሷም «ደንበኛ ይጠብቀኛል» ብላ ሄዳለች።

በማግስቱ ማኅበሩ ተሰበሰበ። አባ አካለ ወልድ ጸሎቱን አድርሰው ባረኩ። የመጀመሪያውን ዋንጫ አያ እንዳላማው ተቀበለ። ጎንጨት አለ። ደግሞ ጎንጨት አለ።

«የብርጓል፣ ይሄ ለማኅበሩ ነው ወይስ ለአራሞችሽ?»

«ምን ማለትህ ነው አያ?»

«ቅራሪ ነዋ!»

ዘመናይ ልትሸፍንልኝ ፈልጋ «የዘንድሮ ጌሾ ደካማ ነው» አለች።

«ጌሾው ምን አደረገ? ይሄ ዝናብ የዘነበበት ነው» አላት።

ቤቱ በሳቅ ሞላ። በዚያ ሁሉ ዘመን በእኔ ጠላ ላይ ሰው ሲስቅ ያን ዕለት የመጀመሪያዬ ነው። አባ ብቻ አልሳቁም። ዋንጫቸውን አስቀምጠው «እስቲ ጋኑን አሳዪኝ» አሉ። ጓዳ ገባን። ቀጂዎቹ ከከፈቱት በኋላ በአፉ ዙሪያ የቀረውን ጭቃ ሲነኩት ጣታቸው ሰመጠ። እኔ የመረግሁት ደርቆ ተሰነጣጥቆ ነበር፤ ይሄኛው ገና እርጥብ ነው።

«ልጄ፣ ይህን ማን ከፈተው?» አሉኝ።

በዋዜማው ቤቴ ብቻዋን የዋለችው ሥራነሽ ትዝ አለችኝ። ማኅበርተኛው ዳቦውን በልቶ፣ ጠላውን በየዋንጫው ትቶ ወጣ። እኔም ነጠላዬን አንሥቼ፣ መንገዱም ደግነቱ ክፍት ነበር፣ በመጀመሪያው ሚኒባስ ማርቆስ ገባሁ።

ያን የምታሞጋግሰውን ቤትህን አየሁት። እኔ የማውቀው ጠላ ቤት በሩ ላይ እንጨት ተተክሎ ጣሳ የተደፋበት ነው፤ የጠማው ይገባል፣ የጠጣ ይወጣል። ያንተው ቀይና ሰማያዊ መብራት ይብለጨለጭበታል። ጠላው ከቢጫ የዘይት ጀሪካን እየተገለበጠ ፍሪጅ ይገባል፤ ዘይቱ ላዩ ላይ ዓይን አውጥቶ ይንሳፈፋል። በብርጭቆው ጠርዝ የሎሚ ቁራጭ ሰክተውበታል፣ መሐሉ ላይ ስትሮ። ጠላ በስትሮ! በሬ እንኳ አተላ ሲጠጣ አፉን ነክሮ ነው።

አስተናጋጇ አላወቀችኝም። «እማማ፣ ሜኑ ላምጣልዎት?» ብላ ፕላስቲክ የለበሰ ወረቀት ዘረጋችልኝ። የማላነብ መስሏት ሥዕሉን በጣቷ አሳየችኝ። ሥዕሉ እኔ ነኝ! እንኩሮ ሳንኮር፣ ሻሼ ወርዶ፣ ላቤ በአገጬ ሲንጠባጠብ። ከሥሩ «የአያቶቻችን የጠመቃ ጥበብ» ይላል። ያነሣኸኝ አንተ ነህ፤ ባለፈው ዓመት ለዕረፍት መጥተህ «ለራሴ ማስታወሻ ነው» ብለኸኝ ነበር።

ፊደሉን አንድ በአንድ እየለቀምሁ አነበብሁት። «ጉሽ፦ ያልተጣራ፣ ተፈጥሯዊ» ይላል። ጉሽ እኮ እስኪጠል መታገሥ ያቃተው ሰው የሚጠጣው፣ ሆድ የሚነፋ ነገር ነው። «ቅራሪ፦ ቀለል ያለ፣ ለወይዛዝርት» ይላል። ዋናው ተቀድቶ ካለቀ በኋላ ድፍድፉ ላይ ውሃ ቸልሰን ለሕፃንና ለአራሚ የምንሰጠውን ለወይዛዝርት! እነሱም ከንፈራቸውን ቀብተው በስትሮ ይመጥጡታል። ከሁሉ በላይ፣ ወርቅ በመሰለ ቀለም፣ «የኪዳነ ምሕረት ጽዋ፦ ለቅበላ ብቻ» የሚል አለ። ደግሜ አነበብሁት፤ ፊደል የሳትሁ መስሎኝ።

ይሄን ጊዜ አንዱ ጎረምሳ ከጀርባዬ ጮኸ፦ «እታለም፣ አንድ ኪዳነ ምሕረት ድገሚን!»

ጓደኛው ደግሞ «እኔን ከማርያም ጋር አታጣዪኝ፣ ለእኔ ጉሽ» አለና ተሳሳቁ። ምራቄን የምተፋበት አጣሁ፤ ወለሉ ሴራሚክ ነው።

ሥራነሽን ማድ ቤት አገኘኋት።

«ማን ፈቀደልሽ?»

«እማማ፣ ቀስ ይበሉ፣ ሰው ይሰማል።»

«ይስማ! የማኅበሬን ጠላ ሲጠጣ ያላፈረ ጆሮው ምን ያፍራል?»

«እኔ በራሴ ልብ የእርስዎን ጋን የምነካ ይመስልዎታል? እኔም እኮ ማኅበርተኛ ያሳደገችኝ ነኝ።»

«ታዲያ ጋኔን ነው የከፈተው?»

እጇን በሽርጧ ጠራርጋ ስልኳን አወጣችና አንድ ድምፅ አሰማችኝ። እንዲህ ይላል፦ «ሥርዬ፣ ለቅበላ ጠላ አለቀ ልንል ነው? የእማዬን ጋን ክፈቺዋ። የጎደለውን በውሃ ሙዪው፣ ሽማግሎቹ ምኑን ያውቁታል። ሜኑው ላይ ስሙን ጻፊበት፣ ስም ነው የሚሸጠው። እማዬ ከጠየቀች እኔ አልሰማሁም።»

ድምፁ ያንተን ይመስላል። እንዳንተ «ሥርዬ» ይላል፣ እንዳንተ ከመሳቁ በፊት ይስላል። «ዘንድሮ ስልክ የማይቀዳው ድምፅ የለም፤ ይሄ ልጄ አይደለም» አልኋት።

«ይሁንልዎት እማማ» ብላ ወደ ብርጭቆዋ ዞረች። ዓይኗ እንባ አቅሮ ነበር። ከጎኗ ሽንኩርት ይከተፍ ስለነበር የሱ ነው ብዬ ተውሁት።

ከዚያ በኋላ አባ አካለ ወልድና አያ እንዳላማው ለሽምግልና መጡ። ጋኑን ማን እንደከፈተ ጠየቁኝ፤ ምራቴ ናት አልሁ። አያ እንዳላማው ዓይን ዓይኔን እያየ «ደምለውስ ያውቃል?» ሲለኝ «ልጄ አያውቅም» አልሁት። አፌ ውስጥ ያ የዘይት ጠላ የገባ መሰለኝ።

እነሱም እንዲህ ፈረዱ፦ የከፈተችው በመጋቢት ኪዳነ ምሕረት ድንጋይ ተሸክማ ማኅበሩ ፊት ትቁም፣ ይቅርታ ትጠይቅ። ካልቀረበች ጽዋው ከእንግዲህ የእኔን ደጅ አልፎ ይሄዳል። ጽዋ አለፈኝ ማለት ምን እንደሆነ ዱባይ ሆነህ ትረሳው ይሆናል። ብታመም ደጄን የሚገፋ፣ ብሞት አልጋዬን የሚሸከም እነሱ ናቸው። አንተ የምትደርሰው አርባዬ ላይ ነው፣ እሱም ፈቃድ ከሰጡህ።

ፍርዱን በመሲ ላክሁባት። ትሳደባለች፣ ያንንም ድምፅ ይዛ መጥታ ለአገሩ ሁሉ ታሰማለች ብዬ ፈርቼ ነበር። መሲ ግን ተመልሳ «‹እመጣለሁ፣ ድንጋዩንም እሸከማለሁ› ብላለች» አለችኝ። «ስለ ደምለውስ ምን አለች?» ብላት፣ «ስሙን አልጠራችም» አለችኝ። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ያ ሁሉ ፍሪጅና ስትሮ ካቅለሸለሸኝ ይበልጥ ይሄ አቅለሸለሸኝ፤ በሷም አይደለም። ጀርባዋ እኮ ቀጭን ነው። ባለፈው ክረምት ታማ ስትተኛ አይቼዋለሁ፣ አጥንቷ ይቆጠራል።

ያን ድምፅ ልከህ እንደሆነ አልጠይቅህም። አዎ ብትለኝ ምን አደርገዋለሁ? አይደለም ብትለኝም ሳልህን አውቀዋለሁ።

የዶሮ ወጥ ቅመም በመሲ ልኬልሃለሁ፣ ለፋሲካ ትሠራበታለህ። ኪዳነ ምሕረት ከክፉ ሰው ትሰውርህ፣ ያንተንም ልብ ለሰው ክፉ ከመሆን ትጠብቀው፤ በሰው አገር ጤናህን አትንሣህ። ተርበህ አትደር። እኔ ላንተ መጸለይ አልተውም፣ ምን አቅም አለኝ?

በመጋቢት ኪዳነ ምሕረት ማኅበሩ ሲሰበሰብ ግን፣ ያቺ ልጅ ድንጋይ ተሸክማ ፊታቸው በቆመች ጊዜ፣ አያ እንዳላማው ያንኑ ጥያቄ ደግሞ ቢጠይቀኝ፣ «ልጄ አያውቅም» አልልም።

እናትህ የብርጓል