ከሶፋው ጥግ የታየች ፀሐይ

ጳጉሜ 3፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት

ደብተሬ፣ ልንገርሽ ወይስ ይቅር? እሺ። ዛሬ ክፍል ውስጥ እጄን አወጣሁ። እኔ!

ስለ ማያዎች፣ ስለ ጥንቶቹ የመካከለኛው አሜሪካ ሰዎች፣ እየተማርን ነው። ቺቼን ኢትዛ የሚባል ከተማቸው ውስጥ ሰማይ ያዩበት ክብ ሕንፃ አለ። ላይኛው ክፍል መስኮቶቹ ጠባብ ናቸው፤ በእነሱ ፀሐይንና ቬነስን ይከታተሉ ነበር ይባላል። ዓመታቸው መጨረሻ ላይ ደግሞ ትርፍ አምስት ቀን አለች። ልክ እንደ ጳጉሜ! አላስቻለኝም። እኔም ከመስኮታችን እከታተላለሁ አልኩ። የዛሬ ሳምንት ሰኞ ፀሐይ ከቤታችን ፊት ለፊት ባሉት ሁለት ፎቆች መሃል ትገባለች አልኩ።

ዲያና ሳቀች። ቲቸር ግን በቪዲዮ ቅረጪና አሳዪን አለችኝ።

ፈራሁ። ግን ልክ ነኝ። መስታወቱ ላይ ዘጠኝ ቴፕ ለጥፌያለሁ፣ በየምሽቱ አንድ፣ ፀሐይ የገባችበት ላይ።

ጳጉሜ 5

ጉድ ሆንኩ። እማዬ ለበዓል ቤት ስታጸዳ መስታወቱን ወለወለችው። ቴፖቹ ሁሉ ቆሻሻ ውስጥ። ሶፋውም ተዛውሯል። ጮኽኩባት።

«አዲስ ዓመት በቆሸሸ መስኮት ይገባል እንዴ?» አለች።

ከዚያ የሙጫውን ርዝራዥ በጥፍሯ እየፈለገች ቴፖቹን መልሳ ለጠፈችልኝ። አፈርኩ።

መስ. 1

ፀሐይ ስትገባ እማዬ አጠገቤ ቆመች። «ልጄ፣ ከእኔ በኩል እኮ ከቴፕሽ ውጭ ናት» አለች። አላመንኳትም። እሷ ቦታ ላይ ቆምኩ። እውነት። ወደ ቦታዬ ተመለስኩ፤ ከዚያ ደግሞ ሌላ ቦታ ናት።

አንድ ቀን ከሶፋው ጥግ፣ አንድ ቀን ተጋድሜ ነበር የማየው። በቴፖቹ መሃል ያለው ክፍተት አንዱ ሰፊ አንዱ ጠባብ የሆነው ለዚያ ነው። እኔ በፀሐይዋ አሳብቤ ነበር!

የማያዎቹ ጠባብ መስኮት አሁን ገባኝ። ዓይንን አንድ ቦታ ይይዛል።

መስ. 2

ወለሉ ላይ የቴፕ መስቀል። እሱ ላይ ወንበር። ወንበሩ ላይ በአንድ ዓይን ለማየት የተበሳ የኮርንፍሌክስ ካርቶን። እማዬ፦ «ወንበሬንም ለማያዎቹ ሰጠሽው?» ሳቅን።

መስ. 4

ከካርቶኑ ጀርባ ሦስተኛ ምሽት። እርምጃዋ እኩል ነው፣ ወደ ግራ፣ ግማሽ ጣት ግማሽ ጣት። ደስ ሲል!

ግን ነገ አይደለም። ከነገ በኋላ ገና ሁለት ቀን ይቀራታል።

ነገ ደመና ነው ይላል ስልኬ። ዝም ብል ማንም አያውቅም። ደመና ሸፈናት እላለሁ፣ አለቀ። አንድ ሰዓት ሙሉ ይህን ሳስብ ቆየሁ።

አይሆንም። ካርቶኑ ልክ ነው፤ እኔም አሁን ልክ ነኝ።

ነገ ሳልጠራ እጄን አወጣለሁ። በሁለት ቀን ተሳስቻለሁ፣ ለምን እንደሆነም አውቃለሁ እላለሁ። ቴፑን ቦርሳዬ ውስጥ ከትቻለሁ። የክፍላችን ወለል ላይ መስቀል እሠራና ዲያናን፣ ሌላ ማንንም ሳይሆን ዲያናን፣ ነይ እዚህ ቁሚ እላታለሁ። በአንድ ዓይንሽ በመስኮቱ ፍሬም በኩል ውጭ ያለውን ዛፍ እዪ።

አሁን አንድ እርምጃ ወደ ጎን። ዛፉ የት ሄደ?