ኮሌታ ሳያሳዩ

ለአክስቴ፣

ጤናዎ እንዴት ነው? እኔ ደህና ነኝ፣ አምላክ ይመስገን። የጠየቅሁት ደብዳቤ በሰላምታ ይጀመራል ብለው ስላሳደጉኝ እንጂ ናፍቀውኝ አይደለም።

እናንተ ቤት የምታጥበው ልብስ አጣቢ መልእክትዎን አምጥታልኛለች። ገበያ ብለው ወጥተው መንገድ ስለጠፋዎት ልጅዎ የጓሮው ክፍል አስገብታ ከውጭ ትቆልፍብዎታለች አሉ። «ጠባይዋን ስታሳምር፣ መድኃኒቷን ሳትጨቃጨቅ ስትውጥ ትወጣለች» ትላለች አሉ። እሰይ! የእጅዎን አገኙ አልኩ። ያውም በዚያው ክፍል፣ እኛ የወንድምና የእህት ልጆችዎ የደንበኞችዎን ሸሚዝ ስንሰፋ ውለን እዚያው ባደርንበት።

አጣቢዋ ቀጥላ ግን «ዕድሜ ልኬን የለፋሁ ሰው ነኝ፣ መውጣት ይገባኛል፣ ንገሪልኝ» ማለትዎን ስትነግረኝ ደሜ ፈላ። ይገባኛል? አዬ እትዬ! ዛሬም ያቺው ሚዛን?

ረስተውት እንደሆነ ላስታውስዎ። ቁልፉ ከአንገትዎ አይወርድም ነበር። እሑድ ከሰዓት የምትወጣው የሰፋችው ኮሌታ ያለፈላት ብቻ ነበረች። መስኮቱ ጋ ይዘውት ጫፉን በጥፍርዎ ይጫኑና «ይህች ትውጣ፣ ይህች ትቀመጥ» ይላሉ። ነፃነት በላብ ነው ይሉን ነበር፣ እኛም ጅሎቹ አመንን። ግራኟ የእህትዎ ልጅ አንድም እሑድ አልወጣችም። «ጥፋቱ የእጄ ነው» እያለች ያንን ግራ እጇን ስትቆነጥጠው አይቻለሁ።

አንዴ ግን ደንበኛ ፊት መልስ ሰጥቼዎት አኮረፉኝ። እኔም ተንኮሌ መጣና ባለፈው እሑድ «እጅሽ ይባረክ» ብለው ያሳለፉትን ኮሌታ፣ ደንበኛው ገና ያልወሰደውን፣ እንደ አዲስ መልሼ አቀረብኩልዎ። ጫፉን ተጫኑና «ይሄ ደግሞ ኮሌታ ነው? የውሻ ጆሮ!» ብለው ወረወሩት። ያን ቀን ገባኝ። ሲመዘን የኖረው ኮሌታው አልነበረም። ቁልፉ እርስዎ አንገት ላይ እስካለ ድረስ ብሰፋ ብሰፋ አልጨርሰውም ነበር።

ትናንት ልጅዎ ዘንድ ሄጄ ስንጨቃጨቅ፣ ስንሰዳደብ ዋልን። «ያደረገችሽን ረሳሽው? ላንቺም እኮ ነው የምበቀልልሽ» አለችኝ። በእኔ ስም በር አትቆልፊ አልኳት። መንገድ ከጠፋቸው አብረሻቸው ውጪ፣ ካልተመቸሽ ለጎረቤት ንገሪ፣ ሰው ደጅ ለመውጣት ጎበዝ መሆን የለበትም አልኳት። አኮረፈች፤ ግን እምቢ አላለችም።

ነገ ጠዋት አናጺ ይዤ እመጣለሁ፣ መቆለፊያው ይነቀላል። ስለለፉ እንዳይመስልዎ። ይቅር ብዬዎትም አይደለም፤ አላልኩም፣ ማንም ሽማግሌ አያስብለኝም። ሰው ስለሆኑ ነው። እሱን ደግሞ ሰፍተው አላመጡትም።

አያመስግኑኝ። እኔ ቤት ይመጣሉ ብዬም አልጠብቅም። ለወሬ ያህል ግን፣ ከእርስዎ ዘንድ ከወጣሁ ወዲህ የተዘጋ በር እንቅልፍ ይነሳኛል። ባሌ «ልታስዘርፊን ነው» እያለ ቢነዘንዘኝም በራችን ገርበብ እንዳለ ነው የሚያድር። ቤቱ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ነው። መንገዱ ቀጥ ያለ ነው፣ ሰው አይጠፋበትም።

ዕድሜ ይስጥዎ፣ ደጅ የሚወጡበት ዕድሜ።

ኮሌታዋን የወረወሩባት
የወንድምዎ ልጅ