የተጣለችው ጳጉሜ

እህቴ ሆይ፣

ጥፋተኛው ፍራኦል ነው፤ እዚህ አሜሪካ፣ ፌርፋክስ ላይ ማተሚያ ቤት ያለው። ይህን ካልተነፈስኩ ሰላምታውም አይወጣልኝም። አሁን እንዴት ነሽ? ጉልበትሽ ተሻለው? የዓይንሽ ጠብታስ አላለቀም? እኔ ከንዴቱ በቀር ደህና ነኝ፤ መድኃኔዓለም ይመስገን።

የማኅበራችንን ቀን መቁጠሪያ እያዘጋጀሁ መሆኔን ነግሬሽ ነበር። አምስት ወር ለፋሁበት። በየወሩ የአንዲት ማኅበርተኛ ልጅ ፎቶ አለ፤ መስከረም ላይ የሥርጉት መንትዮች፣ ታኅሣሥ ላይ የውብነሽ ልጅ ከነምረቃ ቆቧ። መስመሩን በማስመሪያ ያሰመርኩት፣ በዓላቱን በቀይ የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ በስልሳ ዓመቴ ፊደል የቆጠርኩት።

ጳጉሜን ለራሴ አስቀረሁ። ፎቶ የለኝም፤ ሱዳን፣ ገዳሪፍ ካምፕ ውስጥ ለአራስ ልጅ ማን ፎቶ ያነሳል? ጳጉሜ ሦስት ላይ «ለተማርያም የተወለደችበት» ብዬ በእጄ ጻፍኩ። ዙሪያውን ሰማያዊ አበባ ሳልኩበት። ማኅበርተኞቼ ገልጠው «ይህቺ ደግሞ የማን ናት?» ሲሉኝ ልነግራቸው ነበር። በአፌ መጀመር አቅቶኝ ነው።

የታተመው ሁለት መቶ ቅጂ ለእንቁጣጣሽ ከቅዳሴ በኋላ ታደለ። ነሐሴን ገለጥኩ። ከኋላው ባዶ ካርቶን ነው።

ማተሚያ ቤቱ ሄጄ ጮህኩበት። «እትዬ፣ እዚህ ካላንደር አሥራ ሁለት ገጽ ነው። የመጨረሻዋ ፎቶ ስለሌላት ማስታወሻ የጻፍሽባት መስሎኝ ስኪፕ አደረግኳት» አለኝ። «አንተ ቤት ጳጉሜ አትገባም?» አልኩት። «ሶሪ እትዬ፣ እኔ እኮ እዚህ ነው ያደግኩት። ደግሞ ከመታተሙ በፊት በስልክ ልኬልሽ ኦኬ ብለሻል» አለ።

ልኳል። ስልኩን የያዘችልኝ ሥርጉት ናት። እኔ ቀስ ብዬ ነው የማነበው፤ ኅዳር ላይ ሳልደርስ፣ «መኪናዬን ፓርክ ያደረግኩበት ሰዓት አለፈ» ብላ ተቁነጠነጠች። «ቆዪ ላንብብ» ማለት አፈርኩ። ኦኬ ነው አልኩ።

ማኅበርተኞቹስ? ውብነሽ፣ «አምስት ቀን ናት እኮ! አሜሪካ ገብተን ጳጉሜ ምን ልታደርግልን ነው?» አለች፤ ሁሉም ሳቁ። ጓዳ ስገባ ደግሞ «ልጅ የሌለው ሰው ለወረቀት ያለቅሳል» ስትል ሰማኋት። ከልቧ አልነበረም ይሆናል። እኔ ሳህን ሳጥብ ቆየሁ።

ካምፕ ሳለሁ የላክሽልኝን ደብዳቤ ታስታውሻለሽ? «ያለ ባል ወልዳ ቀበረች ከሚሉሽ፣ ሳትወልድ መጣች ይበሉሽ» ያልሽበትን። ማንበብ ስለማልችል ሌላ ሰው ነው ያነበበልኝ። የራሴን ገመና ከሰው አፍ ሰማሁት። ለክብሬ ብለሽ ነው፤ እኔም እሺ ብዬ ይኸው አረጀሁ።

ፍራኦል ትናንት ገጿን ለብቻዋ ሁለት መቶ ቅጂ አትሞ አመጣልኝ። ከሌሎቹ በጣት ታንሳለች፤ ሰማያዊው አበባም ወደ ግራጫ ሄዷል። በድጋሚ ልጮህበት አሰብኩና ተውኩት። ስሟ ይነበባል። እሑድ ማኅበር አለ፤ እየዞርኩ በየእጃቸው እሰጣለሁ፣ ከውብነሽ ጀምሬ።

እግዚአብሔር ጉልበትሽን ያጽናልሽ፤ ልጆችሽን ለወግ ለማዕረግ ያብቃልሽ፤ ደጅሽ ሰው አይጣ። እንደምትቆጪ አውቃለሁ። ተቆጪ። እኔ ግን ከእንግዲህ ለጠየቀኝ ሁሉ አልወለድኩም አልልም።

ታላቅ እህትሽ