ዳቦ ጋጋሪው እምቢ አላለም

ለክቡር ዶክተር አርደላን ኒክኑር
የልብ ምርምር የሥነ ምግባር ኮሚቴ ሰብሳቢ
ሺራዝ

ክቡርነትዎ፣ እንደምን ሰነበቱ? አላህ ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ። የእርስዎ ልብ በደንብ እንደሚመታ አልጠራጠርም፤ የባለቤቴን ፋይል በዘጉበት ዕለት እንኳ አንድም ምት እንዳልሳተ እገምታለሁ።

እኔ ታጅማህ እባላለሁ፣ የዳቦ ጋጋሪው የሰይፎላህ ሚስት ነኝ። ከሃያ ስድስት ቀን በፊት ባለቤቴ ምድጃው ፊት እንደቆመ ድንገተኛ የልብ ሕመም መታውና ወደቀ። ሐኪሞቹ የተዘጋውን የደም ሥር ከፈቱለት፤ ነገር ግን ከልቡ ጡንቻ ብዙው ሞቶ ስለነበር የቀረው ደም መግፋት አቅቶታል። ዛሬ ጫማውን ለማሰር ጎንበስ ሲል ትንፋሽ ያጥረዋል። ኮሚቴዎ የሚቆጣጠረው ጥናት ደግሞ እንዲህ ላለው ሰው ከዳሌ አጥንቱ መቅኒ ቀድቶ፣ ሴሎቹን አጣርቶ፣ በደም ሥር በኩል ወደ ልቡ ይመልሳል። ይጥቀም አይጥቀም ገና አልታወቀም፤ እኛ ግን ሌላ የምንሞክረው ነገር የለንም። ሕክምናው የሚሰጠው ሕመሙ ከመታ በሠላሳ ቀን ውስጥ ብቻ ስለሆነ አራት ቀን ቀርቶናል። ስለዚህ ውድ ጊዜዎን ሳልሻማ ቅሬታዬን በቁጥር ላቅርብ።

1. የጥናቱ አስተባባሪ ወይዘሪት ማንዳና በዘጠነኛው ቀን ሆስፒታል አልጋው አጠገብ መጥታ፣ ሁሉንም በትዕግሥት ካስረዳችው በኋላ፣ «እንግዲህ አቶ ሰይፎላህ፣ ይሳተፋሉ?» አለችው። ባለቤቴም እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ «ኧረ ልጄ፣ እኔ ሽማግሌው ምን ቁም ነገር አለኝና ትደክሙብኛላችሁ! ለወጣቶቹ ይሁን» አላት። እሷም አመስግና «በሽተኛው አልፈቀደም» የሚለው ሳጥን ውስጥ ምልክት አደረገች። ክቡርነትዎ የሺራዝ ልጅ ነዎት፤ ወጋችንን ያውቁታል። ይህ እምቢታ ነው?

2. ይኸው ሰው ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ለእያንዳንዱ ደንበኛ «ይውሰዱት፣ ለእርስዎ የሚመጥን እንኳ አይደለም» ሲል ኖሯል፤ ቃሉን አምኖ ሳይከፍል የሄደ አንድም ሰው አላየንም። በከተማው ውስጥ ቃሉን እንደወረደ የተቀበለው የእርስዎ መሥሪያ ቤት ብቻ ነውና ስለዚህ ትልቅ እምነት ምስጋናዬ ይድረስዎ።

3. ወይዘሪት ማንዳና ራሷ በዚያው ዕለት የቴምር ጣፋጭ ባቀርብላት ሁለት ጊዜ «አይ፣ አሁን ነው የበላሁት» ብላ፣ በሦስተኛው «በሞቴ!» ስላት አራት ፍሬ በላች። ደስ ብሎኝ ነው ያበላኋት። በመጀመሪያው «አይ» ሳህኑን አንስቼ ብሄድ ኖሮ ግን ስለ አስተዳደጌ ምን ታወራ ነበር?

4. አቤት ብል ጽሕፈት ቤትዎ «በሽተኛን በድጋሚ መጠየቅ ጫና ማሳደር ነው» ሲል በማኅተም መለሰልኝ። ባለቤቴ በእጁ «እፈልጋለሁ» ብሎ የጻፈውን ወረቀት ብወስድ ደግሞ የቤተሰብ ግፊት ሊኖርበት ይችላል ተባልኩ። ያችን አንዲት ቃል ለመጻፍ ግማሽ ቀን ፈጅቶበታል፤ በዕድሜው ሙሉ ለራሱ «እፈልጋለሁ» ብሎ አያውቅምና አፍሮ ነበር። ስለ ነጻ ፈቃዱ ይህን ያህል በመጨነቃችሁ አመሰግናለሁ፤ ፈቃዱ ተከብሮለት ሲሞት ማየት ለቤተሰቡ ትልቅ ክብር ነው።

5. ይህኛው በራሴ ላይ ነው። ወይዘሪት ማንዳና ስትጠይቀው እኔ ሻይ ይዤ በሩ ላይ ቆሜ ሁሉንም ሰምቻለሁ። አፌን ያልከፈትኩት ሁለተኛውን ጥያቄ ስጠብቅ ነው። በእርስዎ የምናደደውን ያህል በራሴም እናደዳለሁ፤ ንዴቱ ግን ለሰይፎላህ ልብ ምንም አልፈየደለትም። ምን ላድርግ? ያላንኳኳሁት በር አልቀረም፤ ሁሉም በትሕትና ይዘጉብኛል።

ስለሆነም ሠላሳው ቀን ከሚሞላበት ከሐሙስ በፊት አንድ ሰው ልከው ባለቤቴን ደግመው ያስጠይቁልኝ ዘንድ እጅግ በጣም ዝቅ ብዬ እለምናለሁ። ሦስት ጊዜ ቢሆን ወጉ ይሞላ ነበር፤ እኔ ግን በሁለት እስማማለሁ።

የእግርዎ ትቢያ ለመሆን እንኳ የማልበቃ፣
ለቅጽዎ ሳጥኖች ሁሉ ረጅም ዕድሜ የምመኝ፣
ታጅማህ፣ የሰይፎላህ ሚስት

ድኅረ ጽሑፍ፦ ባለቤቴ እየጻፍኩ መሆኔን ሰምቶ፣ «ታጂ፣ ዶክተሩን በእኔ የተነሳ አታስቸግሪያቸው፤ ሰላምታዬን ብቻ አድርሺልኝ» ብሏል። እባክዎ ይህንንም ፋይሉ ውስጥ አያስገቡት። መልስዎ አሁንም «አይሆንም» ከሆነ በፖስታ አይላኩት፤ ራስዎ ቤታችን መጥተው ይንገሩን። እርሱም እንደ ወጉ ሊሸኝዎት ይነሣል። ከአልጋው እስከ በሩ አሥራ አንድ እርምጃ ነው፤ ሦስት ቦታ ቆሞ ትንፋሽ ይሰበስባል። ያኔ «ኧረ ይቀመጡ!» ማለትዎ አይቀርም። አደራዎን፣ አንድ ጊዜ ብቻ ብለው ዝም እንዳይሉ።